የንባብ ክበብ፦ ከአንድ የጸሎት ደብተር ጋር የከረምንበት ዓመት

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሰው ይዞ ከረመ፤ እንግሊዛዊውን ጳጳስ ላንስሎት አንድሩዝን። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ እየተሰበሰብን እናነብ ነበር።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሕይወት ታሪካቸው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1555 ለንደን ውስጥ ከመርከበኛ አባት ተወለዱ፤ ካምብሪጅ ተማሩ፤ በቺቸስተር፣ በኢሊና በዊንቸስተር በየተራ ጳጳስ ሆኑ። በ1611 ለታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ሁለተኛ ነገሥት ያለውን የተረጎመውን ቡድን የመሩትም እርሳቸው ናቸው። በንጉሡ ፊት የሰበኩትን የገና ስብከት ሞክረነው ነበር፤ ለልጆቹ ስለከበደ ተውነው።

እኔን የነካኝ ሌላ ነው። አንድሩዝ የልጅነት መምህራቸውን የሪቻርድ መልካስተርን ሥዕል ከማጥኛ ክፍላቸው በር በላይ ሰቅለው ኖረዋል። ይህንን ለተማሪዎቹ ስነግር ድምፄ ትንሽ ተለወጠ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የጸሎት ደብተራቸው ሆነ። በግሪክ፣ በላቲንና በዕብራይስጥ ለራሳቸው የጻፉት ነው፤ የታተመው በ1626 ካረፉ በኋላ ነው። በ1648 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያወጣው ሪቻርድ ድሬክ የእጅ ጽሑፉ በመዳበስ ያደፈ፣ በእንባ የራሰ እንደነበር ጽፏል። ጸሎቱ በአንቀጽ አይሄድም፤ ሐረግ ከሐረግ በታች ይደረደራል። እያንዳንዱ ቀን በዚያ ቀን በተፈጠረው ይከፈታል፤ እሑድ በብርሃን፣ ሰኞ በጠፈር፣ ሐሙስ በባሕር ፍጥረታትና በአዕዋፍ።

«እንደ ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ የተከፈለ ነው!» አለ ዲያቆን የሆነ አንድ ተማሪያችን። በሳምንቱ የራሱን ውዳሴ ማርያም ይዞ መጣ፤ ጫፉ የተበላ፣ በጨርቅ የተሸፈነ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። የእኛው ከሰኞ ይጀምራል፤ የእርሳቸው ከእሑድ።

ረዥም ጊዜ የቆየንበት የምልጃው ዝርዝር ላይ ነው። ጳጳሱ ገበሬውን፣ ከብት አርቢውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ነጋዴውን፣ የእጅ ባለሙያውን እያሉ እስከ ተራው ሠራተኛና እስከ ድሃው ይወርዳሉ። የቤተ መንግሥት ሰባኪ ብቻውን ሲሆን የሚያስበው ይህንን ሁሉ ሰው መሆኑ ልጆቹን ዝም አሰኛቸው።

ግንቦት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የሰባት ቀን ዝርዝር እንዲጽፍ አደረግን። የሚታረም ሥራ ስላልሆነ ደብተሮቹን አልሰበሰብኩም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን እስክሪብቶዋን እንደያዘች መጥታ፣ «ቲቸር፣ የበሩ ጥበቃ ጋሼ ስማቸው ማን ነው?» አለችኝ።