ስኒውን የገፋሁባት ሌሊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ ዓምድ ስለ ቡናና ስለ ክርስትና የወጡትን ሁለት ደብዳቤዎች አነበብኳቸው። አንደኛው ጸሐፊ ቡና የሚጠጣ አማኝ ሥጋውን መግዛት ያቃተው ነው ይላሉ። ሁለተኛው ደግሞ ቡና የማይጠጣ አማኝ ገና ከሕግ ቀንበር ያልወጣ ነው ብለው መልሰውላቸዋል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። ሳነብ ግን አንዲት ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። እስክጽፈው ድረስም ዕረፍት አላገኘሁም።

ነርስ ነኝ። 23 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት ተረኛነት። ቡና ያስለመደኝም ሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይን እንቢ ይላል። መድኃኒት መስጠት አለ፣ ሙቀት መለካት አለ፣ መሳሳት የለም። ስለዚህ እጠጣለሁ። አንድ ስኒ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አምስት ሆነ። ከዚያ ቀን ላይም ቀጠለ፤ ቤት ገብቼ ስተኛ እንቅልፍ የለም፣ ስነሳ ራሴ ከባድ ነው፣ ደግሞ ቡና።

አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ ለበሽተኛ የማስረዳው ነገር ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልሄደም፣ መልእክቱ ነው የታገደው። ከጠጣነው ግማሹ ከደማችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ከዚያ በጣም ይረዝማል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ራሴን የማላየው።

ያየሁት በጾም ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የአንድ ቀን የጾም ጸሎት አውጆ ነበር። ጠዋት በደስታ ሄድኩ። ወደ እኩለ ቀን ግን ጭንቅላቴን ሊፈልጠው ደረሰ። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት እንደሚጀምረው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሕመሙ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ሲጸልይ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጎኔ ያለች እህት ስለታመመ ልጇ እያለቀሰች ትለምናለች፣ እኔ ጾሙ ሲፈታ የት ሄጄ እንደምጠጣ አስባለሁ። እግዚአብሔርን ልፈልግ መጥቼ የጠበቅኩት ስኒዬን ነበር።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሁሉ ተፈቅዶልኛል ይልና፣ ግን ምንም ነገር በእኔ ላይ እንዲሠለጥን አልፈቅድም ይላል። ጥቅሱን ድሮም በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ስጠቀምበት ኖሬ ሁለተኛው ግማሽ ያገኘኝ ያን ቀን ነው። ተፈቅዶልኛል፤ ግን ማን ነው ጌታዬ?

በአንድ ጊዜ አላቆምኩም። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነስኩ ወረድኩ። አሁን ሁለት እጠጣለሁ፣ ቶሎ እጠጣና እዘጋዋለሁ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ስጋት እንደማይፈጥር አስታውቋል። በሥራዬ ይህን ቁጥር እጠቅሳለሁ፣ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ለኩላሊቴና ለልቤ ነው። አንድ ስኒ ብቻ ጠጥቶም የሚገዛለት ሰው አለ፣ ሦስት ጠጥቶ ነጻ የሆነም አለ። ያን የሚለካ መሣሪያ ሆስፒታል ውስጥ አላየሁም።

መጀመሪያ ለጻፉት ወንድሜ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ቅዱስ ቡናን አያውቀውም። ስለ ቡና መጠጣት የምናገኘው እርግጠኛ ታሪክ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ይጀምራል፤ ሱፊዎች የሚባሉ ሙስሊም መንፈሳውያን ሌሊት ነቅተው ለመጸለይ ይጠጡት ነበር። (እኔም በሌሊት ሥራ መጀመሬ ትዝ ይለኛል ይህን ባሰብኩ ቁጥር።) ከዚያ ወዲህ ያልከለከለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ላይ ተከለከለ። በኢትዮጵያ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው ለረጅም ዘመን ርቀውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ያ አመለካከት እየለዘበ ሄደ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። ፍሬው አልተለወጠም፣ ወንጌሉም አልተለወጠም። የተለወጠው ሰው ስለ ስኒው ያሰበው ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እርስዎ ስለ ጌታ ብለው ከተዉት እውነተኛ መሥዋዕት ነው፣ አክብሬዋለሁ። ግን የቤተ ክርስቲያን በር ላይ አያቁሙት። በመብልና በመጠጥ ማንም አይፍረድባችሁ ተብሎ ለቆላስይስ ሰዎች ተጽፏል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ለሁለተኛው ጸሐፊ ነው ይህ።

አዲስ ነርስ ሆና ወደ ክፍላችን መጣች። ያደገችው በአድቬንቲስት ቤት ነው። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን አማኞቿ ከቡናና ከሻይ እንዲርቁ ትመክራለች፤ ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ከሚለው ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው። ልጅቷ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመረች ቆይታለች፣ ቡና ግን አትቀምስም። ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች።

አንድ ሌሊት ሥራው ረገብ ሲል አራት ሆነን ተቀመጥን። ቡና ቀዳሁላት። «አመሰግናለሁ ሲስተር፣ አልጠጣም» አለች። ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ነኝ፣ መልስ አለኝ። ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም አልኳት። የእግዚአብሔር መንግሥት መብልና መጠጥ አይደለችም አልኳት። «አንቺኮ አሁን ነጻ ነሽ» አልኳት፣ በሰው ፊት። ሌሎቹ ሳቁ። ስኒውን ወደ እሷ ገፋሁት። ግማሹን ጠጣች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። አንዲት ነፍስ ከእስራት የፈታሁ መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል አንሶላ ልወስድ ዕቃ ክፍሉን ከፈትኩ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት ቶሎ አልመለሰችልኝም። በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«ሲስተር፣ ኃጢአት ነው እያልኩ ጠጣሁት።»

ሮሜ 14ን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ያን ምዕራፍ የጠቀስኩላት እኔ ነኝ፤ መንግሥት መብልና መጠጥ አይደለችም የሚለው እዚያው ነው ያለው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን እየተጠራጠረ የሚበላ በእምነት ስላልሆነ ተኰነነ ይላል። አንድ ገጽ ላይ ያለ ነገር ነው። ቡናው ንጹሕ ነበር። ለእሷ ግን ንጹሕ አልነበረም፣ እኔም ያን እያወቅኩ ገፋሁባት። ጉሮሮዋን ነጻ አወጣሁ ብዬ ሕሊናዋን ሰበርኩት። ከእሷ ይልቅ የሳቁት ሰዎች ፊት ትክክል መሆን ፈልጌ ነበር።

እዚያው ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኳት። በማግስቱ ደግሞ በነዚያው ሰዎች ፊት ጠየቅኳት፣ የበደልኳት በእነሱ ፊት ስለሆነ። ይቅር አለችኝ። ለጥቂት ሳምንታት ግን ከእኔ ጋር ስትቀመጥ ትሳቀቅ ነበር፣ ያ ያመኛል እስካሁን።

ሁለተኛው ጸሐፊ ሆይ፣ በትምህርቱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ቡና ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። ነገር ግን ጳውሎስም በእምነት «ብርቱ» ከሚባሉት ወገን ነበር፣ መብሉ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ያለውም እሱ ነው። ደካማውን አልተሳለቀበትም። ሕሊና ደግሞ በክርክር አይለወጥም። በጊዜ፣ በቃሉና በጸሎት ይለወጥ ይሆናል። ላይለወጥም ይችላል፣ ያ ደግሞ የጌታዋ ጉዳይ ነው። እሷ ለእሱ ትቆማለች ወይም ትወድቃለች፣ ለእኔ አይደለም።

ለጉባኤ መሪዎችና ለእሑድ መስተንግዶ አገልጋዮች አንድ ልመና አለኝ። ከአምልኮ በኋላ ቡና ስታቀርቡ፣ ከጎኑ ሌላ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ወይም ወተት አስቀምጡ፣ እንደ ቡናው እኩል ፊት ለፊት። አንዱ ስለ እምነቱ አይጠጣም፣ አንዷ ስለ እርግዝናዋ፣ አንዱ ስለ ደም ግፊቱ፣ አንዱ እንደ እኔ በጾም ቀን ራሱን ስላየ። ማንም ለምን እንዳልጠጣ እንዲያስረዳችሁ አትጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ