«ገንዘብ አልተቀበልኩበትም» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

አዲስ የወጣ የአማርኛ መጽሐፍ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ከሽፋን እስከ ሽፋን በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም ቻናሎች መለቀቁ የተለመደ ሆኗል። በመጽሐፍ ንግድ የምተዳደር እንደመሆኔ ደንበኞች «ፒዲኤፉ አለኝ» እያሉ የሚያሳዩኝን ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ፤ በአንዳንዱ ገጽ ጥግ መጽሐፉን ወጥሮ የያዘው ሰው አውራ ጣት፣ በሌላው ደግሞ መጽሐፉ የተወሰደበት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ የሚነበበው አስተያየት ግን ምስጋና ብቻ ነው።

የቻናሎቹ ባለቤቶች ሲጠየቁ «እኛ አንሸጥም፣ ዕውቀት እናካፍላለን» ይላሉ። ይህ መልስ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊት አይቆምም። በአንቀጽ 7 መሠረት ሥራን የማባዛትና ለሕዝብ የማሰራጨት መብት የሥራው አመንጪ ወይም የመብቱ ባለቤት ነው። አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ለራሱ የግል አገልግሎት ብቻ የሚውል አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ቢፈቅድም፣ ይኸው አንቀጽ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል ማባዛትን ከፈቃዱ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ሙሉ መጽሐፍ አንሥቶ ለማያውቁት ሕዝብ መልቀቅ፣ አንድ ብር እንኳ ባይገኝበት፣ በግል አገልግሎት ስም ሊሸፈን አይችልም።

የመጽሐፍ ዋጋ የተማሪን አቅም እንደሚፈትን በየቀኑ የማየው ነገር ነው፤ የዋጋው መናር ግን ደራሲው ዓመታት የደከመበትን ሥራ ያለ ፈቃዱ ለመውሰድ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ማካፈል ለሚፈልግ ሕጉ ራሱ ሰፊ በር ትቷል። የጥበቃው ዘመን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ያለው 50 ዓመት በመሆኑ፣ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንዳሉ በእንግሊዝ አገር ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራዎች ይህን ዘመን ካለፉ ቆይተዋል። እንዲህ ያሉትን ድርሳናት አጥርቶ አንሥቶ ማዳረስ በእውነት የሚያስመሰግን ተግባር ነው።

ይሁንና አዋጁ የወጣው ስልክ የማባዣ መሣሪያ ከመሆኑ በፊት ስለነበር፣ ያለ ፈቃድ የተለቀቀን ሥራ ከኢንተርኔት በፍጥነት የማስነሣት ሥርዓት አልዘረጋም። ደራሲው ፍርድ ቤት ቢሄድ እንኳ ተከሳሹን የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደራሲያን አቤቱታቸውን በቀላሉ የሚያቀርቡበትን አሠራር እንዲያመቻች፣ ጋዜጣችሁም አንቀጽ 9ን ከነማብራሪያው ለአንባቢ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መጽሐፍ ሻጭ፣ ከአዲስ አበባ