እማዬ፣ ኪኒኑን እየቀነስኩ ነው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ዓይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን አጉልቼ ነው የምጽፍልሽ። እታለም «ላንብብልሽ» ብትልሽ እሺ አትበያት፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደልሽ ስለሚበቃ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር ገና አፌን ሳልከፍት «ተይው ልጄ፣ ያለፈው አለፈ» ትዪኝና ስለ ልጆቹ ማውራት እንጀምራለን።

ልጆቹ ደኅና ናቸው። የማሙሽ የፊት ጥርሶች ወልቀው ሲያወራ ያፏጫል። የጥምቀት ዕለት ልጆች ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ ሲገቡ አይቶ «እኔስ መቼ ነው?» እያለ አባቱን ሲነዘንዝ ዋለ። ሚጣ ደግሞ ከበሮ በሰማች ቁጥር ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ አንቺን ነው የምትመስለው። ከአደባባዩ ሰው ሁሉ «አያቷስ ወዴት አለች?» ብሎ ጠይቆሻል። ዘንድሮ ግን ለከተራ እዚያ አላደርንም፣ ገና በጊዜ ወደ ቤት ገባን። እንቅልፍ እንዳላጣ ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች።

የሚጥል በሽታዬን ኪኒን፣ ፌኖባርቢታሉን፣ እየቀነሰችልኝ ነው። እታለም እንዳትነግርሽ ለምኛት ነበር፤ አላስቻላትም። አንቺም ስትሰሚ እልል ብለሽ «አላልኳችሁም? ዘገየ እንጂ ጠበሉ ሠራ» አልሽ አሉ። እማዬ፣ ይህን ከሰማሁ በኋላ ያን ቀን ከማንም ጋር መነጋገር አልቻልኩም።

ሚጣ ከተወለደች ወዲህ በሽታው ጥሎኝ አያውቅም። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያልጣለው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መድኃኒቱን ለመቀነስ ይሞክራል። ኪኒኑ ከስንት ውድቀት እንዳተረፈኝ አውቃለሁ፣ ውለታውን አልክድም። የወሰደብኝም ግን አለ። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው እየደበዘዘብኝ ስተኛ መምህሩ እንቅልፋም ይለኝ ነበር፣ አንቺም ቤት ውስጥ ትደግሚው ነበር፣ እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ አደግሁ። የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። አሁንም ቢሆን ልናገር ያሰብኩት ቃል ከአፌ ላይ ይጠፋብኛል። ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል፤ ማሙሽ ላይ እጮህበትና ሲያለቅስ ሳየው እኔም አለቅሳለሁ። አምና ደረጃው ላይ ተንሸራትቼ የእጄ አንጓ የተሰበረው በቀላል አወዳደቅ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱ ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ዲን እያሳነሰ አጥንት እንደሚያሳሳ የነገረችኝ ያኔ ነው። የመቀነሱም ነገር የተነሣው በዚያ ሰበብ ነው።

አቀናነሱን ልንገርሽ፣ እንዳትሰጊ። ባለ 100 ሚሊ ግራሙን ትቼ ባለ 30ውን ሦስት ፍሬ በመዋጥ ጀመርኩ። ከዚያ በየወሩ ግማሽ ፍሬ ይቀነሳል፤ 75፣ 60 እያለ ይወርዳል። አሁን ሁለት ፍሬ ላይ ነኝ። አንጎል ለዓመታት ይህን መድኃኒት ተደግፎ ስለኖረ ድንገት ቢነጠቅ መነጠቁ ራሱ ይጥላል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው እየተከታተለ ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ ነው በወራት የሚቀነሰው። እንዲያም ሆኖ ግማሿ ፍሬ በተቀነሰች ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ቅዠቱም ብርቱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይረግባል። ስታጠብ በር አልቆልፍም፣ እሳት አጠገብ ብቻዬን አልቆምም። የልጆቹ አባት እንጀራ መጋገር ተምሯል፤ ዓይን የለውም እንጂ ይበላል።

ሐኪሟ የደበቀችኝ ነገር የለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ጥናት አለ። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያልጣላቸውን ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተከታትለው፣ ቀስ እያሉ ካቋረጡት ውስጥ በሁለት ዓመት ጊዜ ከመቶው 41ዱን እንደገና ጥሏቸዋል። ሳያቋርጡ ከቀጠሉትም ከመቶው 22ቱን ጥሏቸዋል። ስለዚህ እኔም ልወድቅ እችላለሁ እማዬ። ይህን በስልክ አንድ ቀን ነግሬሽ አላውቅም። ከወደቅሁ መድኃኒቱን መልሼ እጀምራለሁ፣ ሐኪሟም ከወዲሁ ተስማምታልኛለች። ከመውደቁ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ያን ጊዜ አንቺ የምትዪው ነው።

ያን ክረምት ታስታውሺዋለሽ። ኪኒኖቼን ከቁም ሣጥኑ አውጥተሽ ሳትነግሪኝ ጣልሻቸው። «መድኃኒትና ጠበል አብሮ አይሄድም» ያሉሽ ሰዎች ነበሩ፣ አውቃለሁ። እኔ ጠበልን አልጠላሁም፣ አሁንም እጠመቃለሁ፣ ማታ ደግሞ ኪኒኔን እውጣለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል፤ የንስሐ አባታችን ሲያነቡት አንቺም ሰምተሻል። ኪኒኖቹ ከተጣሉ በኋላ የሆነውን መጻፍ አያስፈልገኝም። እኔ ክንድ ላይ አለ፣ ከምድጃው ስታወጪኝ በተቃጠለው መዳፍሽም ላይ አለ። ያን እጅሽን ስምሽ ልቤ አይጠግብም። ኪኒኑን በመጣልሽም አልወቅስሽም፤ ድንገት ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ማን ነግሮሽ?

ግን ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ እኔ ጓዳ ክንዴ ታስሮ ተኝቼ ሳለሁ «ምን ላድርግ፣ እሷ እምነት የላትም» አልሽ። ሰማሁሽ። ያኔ ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የምሰግድ ልጅ ነበርኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰግጄ ጠዋት ስወድቅ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው ብዬ ያዝኩት። ይኸው አሁን የልጆች እናት ሆኜ እንኳ ራሴን ሲከብደኝ መጀመሪያ የምለው «ምን በድዬ ይሆን?» ነው።

አሁን ጠበሉ ሠራ ካልሽ፣ ነገ ብወድቅ ምን ልትዪ ነው? እንደገና እምነቷ ጎደለ ልትዪ? ማሙሽና ሚጣ እየሰሙ? ይህን አልችለውም እማዬ። እኔ የወደቅሁት አንጎሌ ታሞ ነው፤ ያን ክረምት ደግሞ የባሰብኝ መድኃኒቱ በአንድ ቀን ስለተቋረጠ ነው። ሁለቱም የእምነት ጉዳይ አይደሉም።

ለፋሲካ ስትመጪ አንድ ፍሬ ላይ እሆናለሁ። እዚያ ሆነሽ ቢጥለኝ ክብሪት አትጫሪ፤ ጭሱ አያነቃኝም፣ ትንፋሼን ብቻ ነው የሚዘጋው። አፌ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አታስገቢ። እጄንና እግሬን አትያዢ። በዙሪያዬ ያለውን እሳትና ስለት አርቂ፣ ነጠላሽን አጥፈሽ ከራሴ ሥር አድርጊልኝ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኔ አስተኚኝ። ሰዓት ያዢ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው መኪና ይጠራና ሆስፒታል ውሰዱኝ። አረፋው አይጋባም፣ ልጆቹን አታባርሪያቸው። ማሙሽ ምን ማድረግ እንዳለበት አስተምሬዋለሁ፣ አንቺን ማገዝ ይችላል።

ሌላው የአንቺ ነገር ነው። እታለም ስትነግረኝ፣ ግፊትሽ ሲለካ ልክ ነው ስላሉሽ መድኃኒቱን ትተሽዋል። እማዬ፣ ልክ የሆነው እየዋጥሽው ስለነበረ ነው! የግፊት መድኃኒት ሲሻል የሚተው አይደለም፤ ግፊት ሳያምም ነው ጉዳት የሚያደርሰው። ጾሙ ከሆነ የያዘሽ፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክልልሽ፣ የንስሐ አባትሽንም ጠይቂ፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት መውሰድ ጾም እንደማይሽር እሳቸው ይነግሩሻል። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂና ተለኪ። እታለምን ደውዬ እጠይቃታለሁ።

የቤትሽ ነገር አያሳስብሽ። ውኃው እንደ ልማዱ ሲፈልግ በሌሊት ነው የሚመጣው፤ የልጆቹ አባት ተነሥቶ ሮቶውን ይሞላል። ተከራዮቹ ኪራዩን ከፍለዋል፣ ለመብራቱ ሰጥቼዋለሁ። ጌሾዋ ለምልማለች።

ስትመጪ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አጠገቤ ተቀመጪና ያን ቃል አንሺልኝ። ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አይደለም፣ እናት ነሽ፣ ያን አልሻም። «ያኔ እምነትሽ አልጎደለም ነበር» በዪኝ። በስልክ ግን አትበዪኝ፤ ፊትሽን እያየሁ መስማት እፈልጋለሁ።

ለአውቶብሱ ከበሓሉ ሳምንት ቀደም ብለሽ ተነሺ፣ በኋላ ትኬት አይገኝም። የግፊቱን ኪኒን ከጓዝሽ ጋር አታስጭኚው፣ በእጅሽ ያዢው።

ልጅሽ
ጎንደር፣ የካቲት