ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ተጉዘው ተራራ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች ባለፈው እትማችሁ የሰጣችሁትን ምክር እዚህ ደሴ ሆኜ አነበብሁት። ስለ ጎማና ስለ ድንኳን የጻፋችሁት ደግ ነው። «ሲበርድ ምድጃውን ድንኳን አስገብቶ ማብሰል ይቻላል» የምትለው መሥመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ከሰልም ሆነ ጋዝ በተዘጋ ቦታ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሰው «ራሴን አመመኝ» ብሎ ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። እባካችሁ አርሙት።

እኔ ከቀያሾችና ከጎብኚዎች ጋር በላንድክሩዘር ኋላ ተጭኜ ወሎን 12 ዓመት የዞርሁ ወጥ ሠሪ ነኝ። ምድጃ ድንኳን የሚያስገቡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ሞኞች አይደሉም። ማዕድ ቤታቸው በሥርዓት ስላልተጫነ ዕቃ ሲፈልጉ ይመሽባቸዋል፣ ይዘንብባቸዋል፣ ከዚያ ያገኙት ጥግ ይገባሉ።

በእኔም ደርሷል። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ስንወጣ የጋዙን ሲሊንደር ከታች፣ ድንኳኑን በላዩ፣ የሰዉን ሻንጣ ደግሞ በድንኳኑ ላይ ጭነን ነበር። ደርሰን ሁሉን አውርደን እሳት እስክናገኝ ጨለመ። የበርበሬው ፌስታል ፈንድቶ ስኳሩ ቀልቷል። ይባስ ብዬ ክክ ወጥ ጣድሁ። ሦስት ሰዓት ተንተከተከ፣ ክኩ ግን ጥርስ የሚሰብር እንደሆነ ቀረ። ለካ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ ከ90 በታች ይፈላል፤ እሳቱን ቢያጋግሉት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዚያ ሌሊት ሁሉም ቆሎ ቆርጥሞ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ደጋ ስወጣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ እንጂ ክክ አልይዝም።

ስመለስ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አናጢ ዘንድ ሄጄ የኮምፔንሳቶ ሳጥን አሠራሁ። ክዳኑ ወደ ፊት ይወርድና በሁለት ሰንሰለት ተይዞ ጠረጴዛ ይሆናል። የመኪናውን የኋላ በር ስከፍት ማዕድ ቤቴ ፊት ለፊቴ ነው፤ አንዲት ሻንጣ አላወርድም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጨውና ቡናው ክዳናቸው በሚጠመዘዝ ጣሳ ተቀምጠው በመካከላቸው ጨርቅ ተወትፏል። ክብሪቱ ለብቻው በላስቲክ ተጠቅልሏል። እንቁላሉን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ጤፍ ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ የጋሸና ላሊበላን ጠጠር መንገድ በሄድሁበት ጊዜ እንኳ አንድ አልተሰበረብኝም። ሲኒዎቹ አገልግል ውስጥ ናቸው። ቆዳ ለብሶ፣ ጠፍር ታጥቆ በበቅሎ ጀርባ ሲንገላታ የኖረ ዕቃ ለመኪና ምን ያንሰዋል?

የአጫጫን ደንቤ አንድ ነው፤ ቀድሞ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። ስንደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሻይ ስለሆነ ማንቆርቆሪያው በሩ ሥር ነው። ሲሞላ 20 ኪሎ የሚመዝነው የውሃ ጀሪካን ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይታሰራል። ከጣሪያ ላይ የሚሰቅሉት ሾፌሮች አሉ፤ በኩርባው ላይ መኪናው ሲያዘነብል ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታሰራል፣ በጉዞ ላይ ቫልቩ ይዘጋል። ሲገጠም መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ አረፋው ካኮረፈ ጋዙ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቼ ሸሽቻለሁ። ትንንሾቹ የቡታን ጣሳዎች ደግሞ ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጋዝ መስጠት ያቆማሉ፤ ሌሊቱን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የማሳድራቸው።

የእናንተ ጸሐፊ ያላሰበው አንድ ነገር አለ። በወሎ መኪና ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም በጉዞ መካከል ይመጣል። ስለዚህ የጾሙና የፍስኩ ድስት፣ ማማሰያና ቢላዋ ለየብቻ ናቸው፤ የጾሙ እጀታ ላይ ነጭ ክር አስሬበታለሁ። ሥጋ አልጭንም። ሥጋ ከሌለ ማን አረደው የሚባል ጥያቄ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

እርማቱን ምክሩ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንድታወጡልኝ እለምናለሁ። የሳጥኑን ልክ ለሚፈልግ አንባቢ፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 50፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢው ግን መጋዝ ከማንሣቱ በፊት የመኪናችሁን በር ራሱ መጥቶ ይለካ። የእኔ የመጀመሪያው ሳጥን በ2 ሳንቲ ሜትር በልጦ ዛሬም ቤቴ ውስጥ የጫማ መደርደሪያ ሆኖ ተቀምጧል።

የመስክ ወጥ ሠሪዋ
ከደሴ