ዘፈኑ ሳይሆን ፋይሉ ነው የተበላሸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«የዘንድሮ ዘፈን በሬዲዮ ሲሰማ ጆሮ ይወጋል፤ የድሮው ግን ማር ነው» የሚል ወቀሳ ታክሲ ውስጥም፣ ፀጉር ቤትም፣ በጋዜጦች የመዝናኛ አምድም ተደጋግሞ ይሰማል። ወቀሳው የሚያርፈው በድምፃዊውና በአቀናባሪው ላይ ነው። በሙዚቃ ቀረጻና ሚክሲንግ (የተቀረጹ ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሃድ) ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ግን ዝም ብለን ለማለፍ ይከብደናል። ያው አንድ ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ሲደመጥና በኤፍ ኤም ሲደመጥ ሁለት የተለያየ ሥራ ይመስላልና። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዘፈኑ ከስቱዲዮ ወጥቶ የጣቢያው ኮምፒውተር ላይ እስኪደርስ ባለፈበት መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ለማስተካከል ደግሞ አዲስ ማሰራጫ መግዛት አያስፈልግም።

ነጠላ ዜማ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጫነው ዩቲዩብ ላይ ነው። ሰው ይወደዋል፤ አድማጭ እየደወለ ይጠይቃል። አዘጋጁ ወይም ዲጄው ከዚያው ከዩቲዩብ በማውረጃ ድረ ገጽ ኤምፒ3 አድርጎ ያወርደውና በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ስርጭት ክፍል ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ዘፈኑ ሁለት ጊዜ ተጨምቋል፤ አንዴ ዩቲዩብ ሲቀበለው፣ ሌላ ጊዜ ማውረጃው ወደ ኤምፒ3 ሲለውጠው። የአራት ደቂቃ ዘፈን ሳይጨመቅ፣ ማለትም በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት ዋቭ ፋይል፣ 42 ሜጋ ባይት ገደማ ይመዝናል። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት በሆነ ልክ ወደ ኤምፒ3 ሲጨመቅ 4 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ወጥቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ከተጨመቀ ተራ ጆሮ ብዙም አይለየውም፤ የሚጎዳው የተጨመቀውን መልሶ መጭመቅ ነው። ማውረጃው ፋይሉ ላይ «320» (ኪሎ ቢት) ብሎ ቢጽፍበትም የወጣው አይመለስም፤ የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው የሚጨምረው።

ጉዳቱን በጆሮ ለመያዝ ጭብጨባውን ማዳመጥ ይበቃል። በዘመኑ የጭፈራ ዘፈን ውስጥ ጭብጨባ የማይገባበት ጥቂት ነው። ንጹሕ ፋይል ላይ እያንዳንዱ ጭብጨባ «ጧ» ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው ይበርዳል። ሁለቴ በተጨመቀው ላይ ግን ከጭብጨባው በፊት ቀጭን «ሽ» ትቀድማለች፤ ጫፉ ይደነዝዛል፤ እጅ ሳይሆን ወረቀት የተጨማደደ ይመስላል። ምክንያቱ የኤምፒ3 አሠራር ነው። ኤምፒ3 ድምፁን 26 ሚሊ ሰከንድ ያህል ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች እየከፈለ ነው የሚያስተናግደው። በአንዱ ቁራጭ መሐል ድንገተኛ ምት ሲመጣ፣ ሲጨምቅ የፈጠረው ስህተት ከምቱ በፊት ወዳለው ጸጥታም ይፈስሳል። የክራር ጅማት ሲመታ፣ የከበሮው ጠርዝ ሲነካ የሚሆነውም ይኸው ነው። የድራሙ ሃይ ሃት (ተጣምረው የሚመቱት ሰሐኖች) ደግሞ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። አድማጭ «ጆሮ ይወጋል» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው፤ አቀናባሪው ያላስገባውን ድምፅ።

በዚያ ላይ ከዩቲዩብ የሚወርደው የቪዲዮ ክሊፑ ድምፅ ነው። ክሊፑ በመኪና ድምፅ ወይም በተዋንያን ንግግር ከጀመረ ያው በአየር ላይ ይወጣል። ዘፈኑ መሐል የቻናሉ መለያ ድምፅ ገብቶበት ከሆነም አብሮ ይሰማል። ለማስታወቂያ ተብሎ የተሠራ ቅጂ ለስርጭት የሚሆን ቅጂ አይደለም።

ፋይሉ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ኤፍ ኤም የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህን ጠባይ አለማወቅ የእኛም የስቱዲዮ ሰዎች ድክመት ስለሆነ በግልጽ መናገር አለብን። ኤፍ ኤም ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለ በጣም ቀጭን ድምፅ አያስተላልፍም፤ 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ የስቴሪዮ ምልክቱ ስለሚቀመጥ ቦታው ለእሱ ይተዋል። ከዚህ የሚብሰው ፕሪኢምፋሲስ የሚባለው ነው። ማሰራጫው በስርጭቱ የሚሰማውን የ«ሽ» ጫጫታ ለመቀነስ ሲል ቀጭን ድምፆችን አጉልቶ ይልካል፣ ተቀባዩ ሬዲዮ ደግሞ መልሶ ይቀንሳቸዋል። በእኛ አገር እንደ አውሮፓ የሚሠራበት ልክ 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በዚህ ልክ 5 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ በ5 ዴሲቤል ከፍ ይላል፤ 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው በ10 ዴሲቤል ያህል፣ 15 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ወደ 14 ዴሲቤል።

አሁን «ስስቴ» ወይም «ፀፀት» የሚሉ ቃላት ያሉበትን አዝማች አስቡ። «ሰ» እና «ፀ» ጉልበታቸው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ትንሽ ሹል ብሎ የተተወ «ሰ» ማሰራጫው ጋ ሲደርስ ጎልቶ ይነሳና ልክ እንዳያልፍ የሚጠብቀው ሊሚተር ይይዘዋል። ሊሚተሩ ደግሞ «ሰ»ን ብቻ ለይቶ ካልያዘ በስተቀር የሚጨቁነው ዘፈኑን በሙሉ ነው። በእያንዳንዱ «ሰ» ላይ ባሱና ከበሮው ለቅጽበት ጎንበስ ብለው ይመለሳሉ። መፍትሔው ሚክሱ ላይ ነው። በድምፃዊው ትራክ ላይ ዲኤሰር (ሹል «ሰ»ን የሚያለዝብ መሣሪያ) አስገብቶ በዚያው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል መቀነስ፤ ከዚያ በላይ ከተሄደ ድምፃዊው ምላሱ የተሳሰረ ይመስላል። ሃይ ሃቱንም እንዲሁ ዝቅ ማድረግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልኩ 75 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ በዚያ ላሉ ወገኖቻችን በኤፍ ኤም የሚተላለፍ ዘፈን 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ወደ 14 ዴሲቤል ይጎላል። እዚህ በመጠኑ የሚወጋ «ሰ» እዚያ ይብሳል።

የድምፅ ከፍታ ፉክክሩም መቆም አለበት። ብዙ ዘፈኖች ማስተሪንግ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ እስከ -6 ወይም -7 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ከፍ ይላል) ድረስ ተገፍተው ይወጣሉ፤ ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ ታስቦ ነው። ሬዲዮ ላይ ግን አይሠራም። ጣቢያው የራሱ ፕሮሰሰር ስላለው ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ ከፍ ያለውን ይጫናል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም እኩል ከፍታ ይወጣል። ልዩነቱ አንዱ ትንፋሽ ተርፎት ሲወጣ ሌላው ታፍኖ መውጣቱ ነው። የሮክ ሥራዎች ላይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። እንደ ጃኖ ባንድ ጊታርን በዲስቶርሽን (ድምፁን አሻክሮ) የሚጫወቱ ቡድኖች ሙዚቃቸው ከመነሻው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ማስተሪንጉ ላይ ተጨቁኖ፣ ጣቢያው ደግሞ ሲደግመው ስኔር ድራሙ ጊታሩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ለሬዲዮ የሚላከውን ቅጂ -12 አካባቢ ትቶ ጫፉን ከ-1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ማድረግ ይበቃል። ዝቅ ብሎ ይሰማል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ሞኖውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል። ባለ አንድ ስፒከር ትንሽ ሬዲዮና ብዙ ስልክ ቀኙንና ግራውን ደምሮ ነው የሚያሰማው። ስቴሪዮ ያለው የመኪና ሬዲዮም ሞገዱ በደከመበት ቦታ በራሱ ወደ ሞኖ ያዘነብላል፤ ስቴሪዮ ከሞኖ ይልቅ ጠንካራ ሞገድ ይፈልጋልና። በዘመኑ ቅንብር ኪቦርዱና ተቀባዮቹ (አዝማቹን የሚቀበሉት ድምፃውያን) የድምፅ ማስፊያ እየተጨመረባቸው ወደ ግራና ቀኝ ይለጠጣሉ። አንዳንዱ ማስፊያ የሚሠራው በአንዱ ወገን ድምፁ ሲገፋ በሌላው ወገን እንዲስብ በማድረግ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ይጣፋሉ። በሄድፎን ሲያዳምጡት አዳራሽ የሞላ የተቀባዮች ድምፅ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ድምፃዊውን ብቻውን ትቶት ይጠፋል። ሚክስ የሚያደርግ ሰው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት የሞኖ ቁልፉን ይጫን። ተቀባዮቹ ወይም ኪቦርዱ ከ3 ዴሲቤል በላይ ከወረዱ ማስፊያውን አውጥቶ በምትኩ ሁለት ጊዜ በተናጠል ቀርጾ ግራና ቀኝ ያስቀምጥ፤ ሁለት ጊዜ የተዘፈነ ድምፅ ሲደመር አይጣፋም። የድሮዎቹ ማር የሆኑበት አንዱ ምክንያት እዚህ አለ። መሣሪያው ጥቂት ነበር፣ ድምፃዊው መሐል ላይ ቆሟል፣ የሞኖ ቅጂዎቹ ደግሞ ከመነሻው የሚደመር ነገር የላቸውም፣ የቴፑ ክር ሹሉን ድምፅ አለዝቦታል። በትንሽ ሬዲዮ ሲወጣ የሚጎድልበት ነገር የለም።

በዚሁ መንገድ ከድምፁ ጋር አብሮ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ የሰዎች ስም። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይታተም ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ከዩቲዩብ ቪዲዮው ሥር ተጽፎ ይቀመጣል፤ ፋይሉ ሲወርድ ጽሑፉ አብሮ አይወርድም። ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የሚደርሰው «ቪዲዮፕሌይባክ 7» የሚል ፋይል ነው። አቅራቢው የድምፃዊውን ስም ስለሚያውቅ እሱን ይጠራል፤ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው ሳይጠሩ ያልፋሉ። ይህ የአቅራቢው ክፋት አይደለም፤ ከፊቱ የተጻፈ ነገር የለም። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪው የሥራው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ አስቀምጧል። የትኛው ዘፈን፣ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰከንድ ተላለፈ የሚል መዝገብ ከሌለ ግን የሚከፈል ገንዘብ ቢኖር እንኳ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። «ቪዲዮፕሌይባክ 7» ሮያሊቲ አይቀበልም።

ስለዚህ ድምፃውያንና አሳታሚዎች ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ በጫኑበት ዕለት ለጣቢያዎቹ የሚከተለውን ይላኩ። አንደኛ፣ ዋቭ ፋይል፣ 44.1 ወይም 48 ኪሎ ኸርዝ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይሁን እንጂ ከስፒከር ላይ በድምፅ መልእክት አይቀረጽ፤ እንደ ፋይል ከተላከ ሳይጨመቅ ይደርሳል፣ እስከ 2 ጊጋ ባይትም ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ አቀናባሪው ራሱ ያሳጠረው ከሦስት ደቂቃ ተኩል እስከ አራት ደቂቃ የሆነ የሬዲዮ ቅጂ። ስድስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን የዜና ሰዓት ሲደርስ መቆረጡ አይቀርም፤ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አዝማች ነው። ሦስተኛ፣ የድምፃዊው ድምፅ የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሆነ ቅጂ፣ አቅራቢው ሲያወራ በማጀቢያነት እንዲጠቀምበት።

ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይኑር። የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ርዝመቱ፣ አይኤስአርሲ የሚባለው ባለ 12 ሆሄና አኃዝ መለያ ካለው እሱም። «መግቢያ 22 ሰከንድ» ተብሎ ድምፃዊው የሚገባበት ሰከንድ ይጻፍ። አቅራቢው ይህን ካወቀ 20ኛው ላይ ንግግሩን ይጨርሳል፣ የመጀመሪያውን ስንኝ አይረግጥም። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ይመከራል፤ አንዳንድ የቆየ የስርጭት ሶፍትዌር የግዕዝ ፊደሉን ወደ ባዶ ሳጥን ይቀይረዋል። የመኪና ሬዲዮ ላይ ጽሑፍ የሚያሳየው አርዲኤስም 64 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የግዕዝ ፊደል በሰንጠረዡ ውስጥ የለውም። ፊደላችን ቦታ ማጣቱ ቅር ያሰኛል፤ ለጊዜው ግን ስሙ በላቲንም ቢሆን መታየቱ ከባዶ ይሻላል።

ጣቢያዎች በበኩላቸው የመጣላቸውን ፋይል ሳያዩ አይቀበሉ። «ዋቭ ነው» ተብሎ የሚላከው አንዳንዱ ከኤምፒ3 የተገለበጠ ነው። በነፃ በሚገኘው የድምፅ ሶፍትዌር ኦዳሲቲ ከፍቶ ትራኩን በስፔክትሮግራም፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሥዕል በሚያሳየው ገጽታ፣ ማየት ነው። ከ16 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ጨለማ ከሆነ ፋይሉ አስቀድሞ ተጨምቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለስለስ ያለ ዘፈንም ላይኛው ክፍል ሊሳሳ ይችላል፣ ነገር ግን ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ በቀጥታ መስመር አይቆረጥም። ጥሩውን ፋይል ካገኙ በኋላ መልሰው ኤምፒ3 አድርገው አያስቀምጡት። መቶ የአራት ደቂቃ ዘፈን በዋቭ 4.2 ጊጋ ባይት ነው፤ አንድ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ከሺህ በላይ ይይዛል።

ይህን የሚጠራጠር የጣቢያ ኃላፊ ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። አንድ ተወዳጅ አዲስ ዘፈን ከአቀናባሪው በዋቭ ያስመጣ፤ ያንኑ ከዩቲዩብ ያስወርድ። ሁለቱን በተከታታይ አየር ላይ አውጥቶ እሱ ከስቱዲዮ ይውጣና ባለ አንድ ስፒከር ሬዲዮ ይዞ ግቢው ውስጥ ይቁም። ሌላውን ሁሉ ትቶ ጭብጨባውን ብቻ ያዳምጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሙዚቃ ቀረጻና ሚክሲንግ ሙያ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ