የስናፕድራጎኑ ዘር ለምን አልበቀለም?

ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ስናፕድራጎን የተባለው አበባ ዘር አልበቅል እንዳለሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። አፈር አልብሰሽው እንደሆነ ምክንያቱ እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ከመሆኑም በላይ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋልና። በእርጥብ አፈር ላይ በትነሽ በመዳፍሽ ጫን አድርጊው እንጂ አፈር አትመልሺበት። ከላይ ውኃ ብታፈሺበት ዘሩ ተጠራርጎ አንድ ጥግ ስለሚከማች፣ የተዘራበትን ዕቃ ውኃ በያዘ ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጠሽ ከሥር እንዲመጥ ማድረግ ይሻላል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ብቅ ይላል።

የሚቀጥለውን በጥሞና አንብቢልኝ፤ ለተክል ያለሽን ርኅራኄ ስለማውቅ እጅሽ እሺ እንዳይልሽ እሰጋለሁ። ችግኙ 10 ሴንቲሜትር ያህል ሲደርስ፣ ከታች ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል አስቀርተሽ ጫፉን በጥፍርሽ ቀንጥሺው። ጫፉ እስካለ ድረስ በየቅጠሉ ሥር ያሉት እንቡጦች ታፍነው ስለሚቆዩ ተክሉ በአንድ ዘንግ ብቻ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ሲቀነጠስ ግን ከየጎኑ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አበባውም ጥቂት ቢዘገይ እጅግ ይበዛል። እኔ እዚህ ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጠባብ መሬት የምተክላቸውን አንዱንም ሳልቀነጥስ አላልፍም።

ወደ መደብ ስታዛውሪያቸው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማያቁር ቦታ ምረጪ፤ በመካከላቸውም እስከ 30 ሴንቲሜትር ተዪ። ርቀቱ የሚያስፈልገው ነፋስ እንዲያልፍ ነው፤ የዚህ አበባ ዋነኛ ጠላቱ ዋግ ነውና። በቅጠሉ ጀርባ ስትነኪው እጅ ላይ የሚቀር ቡናማ ዱቄት ካየሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ አርቂው። ዋጉን የሚያስፋፋው በቅጠሉ ላይ የሚያድር እርጥበት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ብቻ አጠጪ።

ሲያብብ ልጆቹን ጥሪያቸውና የአበባውን ጉንጮች በሁለት ጣት ጫን አድርገሽ አሳዪያቸው፤ አፉን ይከፍታል፣ ሲለቁት ይዘጋል። ያን አፍ ገፍቶ ለመግባት ጉልበት ስለሚጠይቅ ትልልቆቹ ጠጉራም ንቦች ይበረቱበታል። አበባው የረገፈበትን ዘንግ ቶሎ ቶሎ ብትቆርጪው ደግሞ ያብባል፤ ዘር የምትፈልጊ ከሆነ ግን ጥቂቱን ሳትቆርጪ ተክሉ ላይ እንዲደርቅ ተዪው። በዘሩ ፓኬት ላይ «ኤፍ 1» (ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለ የመጀመሪያ ትውልድ ማለት ነው) የሚል ካለ ከራሱ የለቀምሽው ዘር የእናቱን መልክ ላይዝ ይችላል።

ሲበቅል ጻፊልኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አክባሪ ታናሽ እህትሽ