ለእማዬ፣ ስለ ግንቦት 4

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ፈተና ላይ ነው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ለአያቴ ፎቶ ላኩልኝ እያለች ነው።

ዘንድሮ የነርስ ተማሪዎቹ የሻማ ምሽት፣ ተመራቂዋ በሻማዋ የታናሺቱን ሻማ የምታበራበት፣ በእኔ እጅ ወድቋል። የሰበታው ግቢ አንቺ እንደተውሽው ነው፤ ከአጥሩ ጥግ ያለው ባህር ዛፍ ብቻ ስለተቆረጠ ንፋሱ በርትቷል። ስለዚህ የወረቀት ኩባያ ቂጡን በመስቀል ቅርጽ ቀድደን ሻማውን እናሾልክበታለን። ነበልባሉ ከኩባያው አፍ እንዳያልፍ ዝቅ ካላሉት ንፋሱን አይከላከልም፤ በጣም ከወረደም ወረቀቱን ያቃጥላል። ለ62 ተማሪ 80 ሻማ ገዝቻለሁ፤ ሁሌም የሚሰበር አለ።

ደብተርሽ ላይ ሁለቴ ያሰመርሽበትን አልረሳሁም፦ የሚያዘነብለው ያልበራው ሻማ ነው። የበራው ካዘነበለ የቀለጠው ሰም የታናሺቱ እጅና ጋውን ላይ ይፈስሳል። የፈሰሰውንም ደርቆ በጥፍር ከላጡ በኋላ ወረቀት አልብሶ በካውያ መተኮስ ነው። ሰልፉን አራት አድርጌዋለሁ። 31ዱ ተመራቂዎች በአንድ መስመር፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ቢያዝ፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በአራት መስመር ግን ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ነጠላ ያደረጉ እናቶች ከሰልፉ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ዘርፉ እሳት ይስባል። ሁለት ባልዲ አሸዋም አለ።

የነርሶቹን መሐላ አጫጭር ስንኝ አድርጌ ከፋፍዬዋለሁ፤ ሲረዝም መሃል ላይ ይጠፋባቸዋል። ግንቦት 4 ልደቷን የምናከብርላት የነርሶች ፋና ወጊ ፍሎረንስ ናይቲንጌል መሐላውን አልጻፈችውም፣ በ1893 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ውስጥ በስሟ የተዘጋጀ ነው የሚለውንም እንዳንቺ እነግራቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንዶቹ፣ ተመራቂዋና ታናሺቱ፣ ናቸው። ጥቅምት ላይ ዕጣ ሲወጣ የአንድ አገር ልጆች አንድ ላይ እንዳይደርሳቸው ያልሽው ዛሬም ይሠራል፤ የጅማዋ ልጅ የወልዲያዋን ስታስጠና አያለሁ። ችግሩ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርት የምታቋርጥ መኖሯ ነው። ስም ዝርዝሩ ከምሽቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ካልተጣራ አንዷ የሚያበራላት አጥታ፣ ጨለማ ይዛ ትቆማለች። አንቺ እያለሽ አንድም ልጅ እንዲህ አልቆመችም።

እማዬ፣ የእኔ ልደት ግንቦት 5 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሌሊቱን ግቢ አድረሽ፣ ጠዋት እጅጌሽ ላይ ሰም ይዘሽ ገብተሽ ትተኚ ነበር። የ62ቱን ስም ታውቂ ነበር፤ የእኔን ቀን አታውቂውም። ይህን ሳልጽፍ ብተወው ይሻል ነበር ይሆናል። ግን ዝርዝሩን ሳጣራ በየመስመሩ እሱ ይመጣብኛል።

እግርሽስ? ወንድሜ ቁስሉ ደህና ነው ይላል፤ እሱ ደግሞ አንቺ ያልሽውን ነው የሚደግመው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ሕመም የለም ማለት ቁስል የለም ማለት አይደለም ብለሽ ያስተማርሽ አንቺ ነሽ። ማታ ማታ መስታወት ወለል ላይ አድርገሽ ከሥር እዪው፤ በጣቶችሽ መሃልም። ውሃውን በክርንሽ ለኪው እንጂ በእግርሽ አትሞክሪው። ቤት ውስጥም ባዶ እግርሽን አትሂጂ። ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ሽታ ካመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ሐኪሙ ራጅ ያዘዘው አጥንቱን ለማየት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አጥንት ከደረሰ ምን እንደሚከተልም ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ ልጠይቅሽ እያልኩ ስለ ልጆቹ አውርቼ ዘጋሁት፤ ሦስት ጊዜ።

ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢሾፍቱ እደርሳለሁ። የምሽቱን ዝግጅት ለሁለት ቀን የሚይዝልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ራጁ ክፍል አብሬሽ እገባለሁ። የበፊቱን ውጤትና የመድኃኒቱን ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ሰፊውን ጫማ አድርጊ።

ልጅሽ